የሰማንያ እርምጃ ርቀት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ወገቧ ላይ የታሰረው ቀበቶ ይሞቃል። ወዲያው ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ «እንዴት አደርሽ፣ ኤልዳና? ዛሬ ስንት ነው?» ይላታል። ኤልዳና ዓይኗን ሳትገልጥ «ስድስት» ትላለች።

በኮምቦልቻ፣ በቦርከና ዳር በተሠሩት አርባ ብሎኮች ውስጥ፣ የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ሕመሙን ከአሥር ስድስት ነው የሚለው። ሰባት ያለ ሰው እንዲያርፍ ለሁለት ቀን በሩ ይቆለፍበታል፤ አምስት ያለ ደግሞ በማግስቱ ሁለት መቶ እርምጃ ይጨመርበታል። ይህን ማንም ለማንም አላስተማረም። ሰው በየቤቱ ለብቻው ሆኖ አንድ መልስ ላይ ደረሰ።

የእርምጃ ቢሮው ድምፁን «የእርምጃ አጋዥ» ብሎ ሰይሞታል። ሰው ግን «አይዞሽ» ነው የሚለው፤ የወንዶቹ ደግሞ «አይዞህ» ይባላል። በቀን መቶ ጊዜ የሚደጋግመው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ከጊዜ ብዛት ሰው ለሰው ይህን ቃል መናገር ተወ። የተናገረ እንደሆነ እንደ ማሽን የሚያወራ ይመስላል።

ኤልዳና ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትተኩስ ኖራ ወገቧ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። አንድ ልጇ ሞምባሳ ወደብ ላይ ይሠራል፤ በየወሩ መጨረሻ ፊቱን ግድግዳው ላይ ታየዋለች። አስቤዛው በሳጥን ይመጣል፣ ቆሻሻው በቧንቧ ይሄዳል። ከቤት የምትወጣው ለመራመድ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሕመም ኪኒን መስጠት ከቀረ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ እግር ነው። እንደሚረዳ ኤልዳናም አትክድም። ሳትራመድ የዋለች ቀን ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል።

የሚራመዱት ግን ለየብቻ ነው። ሕመምተኞች ጎን ለጎን ሲሄዱ ስለ ሕመማቸው ያወራሉ፣ ሕመም ደግሞ በወሬ ይባባሳል የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በሁለት ሰው መካከል ሰማንያ እርምጃ ይጠበቃል። ከፊት ወዳለው ሰው የተጠጋ ቀበቶው ጨበጥ ያደርገዋል፣ አይዞህም «ትንሽ ቀስ እንበል» ይለዋል። በተከታታይ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዙሩን ያልጨረሰ ሰው በነጭ መኪና ወደ ማረፊያ ይወሰዳል። ማረፊያ ከከተማው ውጭ ነው። አልጋው ምቹ ነው ይባላል፣ ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ማንም ተነሥ አይልም። ከዚያ በእግሩ የተመለሰ ሰው ግን በብሎኮቹ አይታወቅም።

ኤልዳና ለስድስት ዓመት አንድ ጀርባ ስትከተል ኖራለች። ከራሷ ብሎክ ወጥታ አርባ እርምጃ እንደሄደች፣ ከደጃፏ መቶ ሃያ እርምጃ ላይ ካለው ብሎክ ሠላሳ አንድ ሰማያዊ ሻርፕ የለበሰች ሴት ትወጣና ከፊቷ መንገዱን ትይዛለች። የሴትዮዋ ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው። አንገቷ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብሎ አንድም ቀን ወደ ኋላ ዞሮ አያውቅም። ኤልዳና መጀመሪያ ኩራት ነው ብላ ነበር። በኋላ ጀርባውን ማንበብ ለመደች፤ ቀኝ እጇን ዳሌዋ ላይ ካሳረፈች ሌሊቱ ከፍቷታል ማለት ነው፣ በዒድ ማግስት የወርቅ ጥለት ያለው ሻርፕ ትለብሳለች፣ የቦርከናው ድልድይ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ታርፋለች። ስሟን ስለማታውቅ ለራሷ «ሰማያዊዋ» ትላታለች። ወገቧ አልራመድም ባለ ቀን ሁሉ፣ ሰማያዊዋ ድልድዩን ከተሻገረች እኔ ምን ይሳነኛል እያለች ትጨርሰዋለች። ይህን ለአይዞሽ ነግራው አታውቅም።

በጥር መጨረሻ ጤና ጣቢያው ለዓመታት ስትደገፈው የኖረችውን ምርኩዝ ወስዶ፣ የብረት ጫፉ ላይ ወፍራም ጎማ አልብሶ መለሰላት። ብረቱ መሬቱን በመታ ቁጥር ንዝረቱ ትከሻዋን ይጎዳል ተብሎ ነው። ጎማው በእርግጥም ተስማማት። በመጀመሪያው ቀን የራሷን ኮቴ ስላልሰማች መንገዱ ላይ የሌለች መስሏት ነበር፤ ወዲያው ግን ለመደችው።

በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሰማያዊዋ አልወጣችም።

ቅዳሜም አልወጣችም። እሑድ ኤልዳና ብሎክ ሠላሳ አንድ በር ላይ ቆም አለች።

«ከፊቴ የምትሄደው የት ሄደች?»

«ያ የሌላ ሰው መረጃ ነው፣ ኤልዳና። አንቺ የራስሽ እርምጃ ላይ አተኩሪ። አይዞሽ።»

«ታማ ነው?»

«ያ የሌላ ሰው መረጃ ነው።»

መንገዱ ባዶ ሲሆን ረዝሞ ታያት። ድልድዩ ጋ ስትደርስ የሚያርፍ ሰው ስለሌለ እሷም ሳታርፍ ልታልፍ ሞከረችና መሃል ላይ የድልድዩን ብረት ይዛ ቆመች። አይዞሽ እርምጃዋ መዘግየቱን ስላወቀ የሚያውቀውን ሁሉ አመጣ። አንድ ቀን ዛፍ ላይ የሌሉ ወፎች አስጮኸላት። አንድ ቀን የብዙ ሰው ጭብጨባ አሰማት። ሰማያዊዋ ከቀረች በስምንተኛው ቀን በልጇ ድምፅ «እማ፣ በርቺ! ትንሽ ቀረሽ!» አላት። ኤልዳና መንገዱ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። ልጇ እናቱን «እትዬ» እንጂ «እማ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

«ሁለተኛ እንዳትለኝ» አለች።

«ተመዝግቧል» አለ አይዞሽ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ሕመሟ ከስድስት ሳያልፍ «ሰባት» አለች። በሩ ተቆለፈ። ሁለት ቀን ተኝታ ዋለች፤ እንዴት ቀላል እንደሆነም አየች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደገመችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አርፋ ያወቀች አልመሰላትም፤ ይኸው ነገር ግን አስፈራት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ገና ከደጃፏ ሳትርቅ፣ ነጯ መኪና አጠገቧ አለፈች። ሹፌር የላትም። በመስኮቱ ውስጥ ከብሎክ ሃያ ሰባት የሚወጡትን፣ ከፋብሪካው ጀምሮ የምታውቃቸውን ጋሽ ያፌትን አየቻቸው። ከሩቅ የምትለያቸው በባርኔጣቸው ነበር፤ ዛሬ ባርኔጣ የላቸውም። ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተጎትቷል። ፊታቸው አልከፋውም፣ ደስም አላለውም። አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ነበሩ።

ኤልዳና ቆጠረች። ሰማያዊዋ አምስት ቀን ነው የቀራት፤ ሐሙስ ሃያ አንድ ይሞላል።

ሰኞ፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከሳምንቱ ሳጥን አራት ብርቱካን አወጣችና በፌስታል ቋጠረች። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ልጅ ሳለች በሰፈራቸው የታመመን ሳይጠይቅ ለቅሶ ላይ ብቻ የተገኘ ሰው ይታዘቡት ነበር። አሁን ታማሚም አይጠየቅም፣ ለቅሶም በግድግዳ ላይ ነው። ብሎክ ሠላሳ አንድ ጋ ስትደርስ ከመንገዱ ወጣች።

«ከመስመርሽ ወጥተሻል» አለ አይዞሽ። «ይህ እርምጃ አይቆጠርም።»

«አይቆጠር።»

ቤቱን ታውቀዋለች፤ ሰማያዊው ሻርፕ ታጥቦ የሚሰጣው ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥጉ ላይ ነው። ሊፍቱ አወጣት። በሩ አስቆማት።

«የመጡበት ምክንያት? ጥገና፣ ምርመራ፣ ርክክብ።»

«ጥየቃ።»

«አልተገኘም። ጥገና፣ ምርመራ፣ ርክክብ።»

ኤልዳና አሰበች። «ርክክብ።»

«የሚያስረክቡት ዕቃ?»

«አራት ብርቱካን።»

በሩ ገርበብ አለ። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማን ልበል?» አለ።

ስሟን ልትናገር አፏን ከከፈተች በኋላ፣ ስሟ እዚህ ቤት ምንም እንደማይፈይድ ገባት። «ከኋላዎ የምሄደው ነኝ» አለች። «መንገድ ላይ። ጠዋት ጠዋት።»

«ከኋላዬ የምትሄደው ሞታለች» አለ ድምፁ።

«ማን አለዎት?»

«ጆሮዬ ነዋ!»

ሴትዮዋ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኤልዳና መጀመሪያ ያየችው ያንኑ ጀርባ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲታይ አነሰባት። ከዚያ ሴትዮዋ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ በትንሽ በትንሹ እየገፋች፣ መላ ሰውነቷን አዞረች። ፊቷ ኤልዳና በሐሳቧ ከሣለችው ጋር በምንም አይገናኝም። ክብ ነው፤ ጥርሷም ፍንጭት ነው።

«አንገቴ አይዞርም፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አለች። «ሠላሳ ዓመት አንገቴን ደፍቼ እንከን ያለበት ጨርቅ ስለቅም ኖርኩ። ሐኪሞቹ ቀና ቢያደርጉት ቀና እንዳለ ቀረ።»

«እኔ ደግሞ ኩራት መስሎኝ ነበር።»

«የምን ኩራት? በየት አቅሜ!» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ አመማትና ተወችው። «ረምላ እባላለሁ።»

«ኤልዳና።»

«እሺ ኤልዳና፣ አንቺ ከሆንሽ ድምፅሽን ምን በላው? ቋ፣ ቋ እያልሽ ነበርኮ የምትከተይኝ። ሲያምሽ ይዘገያል፣ ያኔ እኔም ቀስ እልልሻለሁ። ድልድዩ ጋ የማርፈው ለምን መሰለሽ? እንድትደርሺብኝ ነው። እግሬ አልሄድም ሲለኝ፣ ኧረ ያቺ ምስኪን ከኋላ እየመጣች አንቺ ትቆሚያለሽ እለዋለሁ። አንድ ቀን ጭጭ አለ። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። የኔን አይዞሽ ብጠይቀው፣ ያ የሌላ ሰው መረጃ ነው አለኝ። ለሞተም ለቆመም መልሱ አንድ ነው። በአራተኛው ቀን ፋቲሓ ቀራሁልሽና ተቀመጥኩ።»

ኤልዳና ምርኩዙን አየችው። «ክርስቲያን ነኝኮ» አለች።

«ምርኩዝ ሃይማኖቱን ይናገራል እንዴ? በምን ልወቅ? ግድ የለም፣ ይቀመጥልሻል።»

«ጎማ አልብሰውት ነው። ንዝረቱ ይጎዳል ብለው።»

«ማንን?»

ረምላ ከመሳቢያ የጨርቅ መቀስ አወጣች። ጎማው ወፍራም ስለነበር አንዷ ምርኩዙን ጭና ይዛ፣ አንዷ እየሰነጠቀች፣ ተራ በተራ እያረፉ ቆረጡት። ከሥሩ ብረቱ እንደ ነበረ ወጣ። ረምላ ወንበሯን ወደ መስኮቱ መልሳ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«እስቲ ሂጂ።»

ኤልዳና ከግድግዳው እስከ በሩ ሄደች። ቋ። ቋ። ቋ። ዘወር ብላ ተመለሰች። ረምላ ሻርፗን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገችበት።

ብርቱካኑን ልጠው አንድ አንድ በሉ። የረምላ ልብስ ታጥፎ በሩ ሥር ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ኤልዳና እንዳየችው አውቃ «ሐሙስ ነው» አለች ረምላ። «በስድስት ሰዓት። አሥራ ስምንት ቀን ከዚህ ወንበር አልራቅኩም። እግር ይረሳል፣ እህቴ።»

«ሐሙስ ጠዋት እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

«እግሬ እንቢ ቢልስ?»

«እንጃ» አለች ኤልዳና። መዋሸት አልፈለገችም።

ልትሄድ ስትነሣ ረምላ ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። ይህን ያደረገችው አስባበት አይደለም። እንግዳ ተነሥቶ ባለቤት የሚቀመጥበት ዘመን ሲመጣ እሷ ትልቅ ሰው ነበረች።

«እስከ በሩ ልሸኝሽ።»

«ኧረ በፈጠረሽ ተቀመጪ!»

«እስከ በሩ ብቻ።»

በሩ ላይ «እስከ ሊፍቱ» አለች። ሊፍቱ ጋ ግድግዳውን ይዛ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰች። አሥራ አራት እርምጃ ነበር። ሁለቱም ቆጥረውታል፤ የቆጠረላቸው ግን የለም። የእርምጃ ሰዓቷ ስላልሆነ ከውጭው በር እንደማትወጣ ረምላ ታውቃለች። ሊፍቱ ሲዘጋ እጇ ከፍ ብሎ ቀረ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ አይዞሽ «የዛሬው ቁጥር፦ ዜሮ» አላት። ማታ ወገቧ እንደ ተሰበረ ሆነ። ጠዋት «ስንት ነው?» ሲላት ስምንት ነበር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። «ስድስት» አለች።

ማክሰኞ ምርኩዟን ከወትሮው አጠንክራ እየመታች አለፈች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ፤ ሰው ግን አልወጣም። ረቡዕ ረምላ እስከ ብሎኩ በር ወረደች። ኤልዳና ከመቶ እርምጃ ርቀት አየቻት፤ ሰማያዊው ሻርፕ በበሩ ጥላ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ወደ ፀሐዩ አወጣና መልሶ አስገባው። ቀበቶው ሳያስቆማት ልትደርስላት ፈጥና ነበር። ስትደርስ በሩ ተዘግቷል።

ሐሙስ ነጯ መኪና ከማለዳ ጀምሮ ብሎክ ሠላሳ አንድ በር ላይ ቆማለች። በሯ ክፍት ነው። ውስጧ ንጹሕ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያለበት ነው። ኤልዳና አርባውን እርምጃ እየመታች መጣች። ብሎኩ በር ላይ ማንም የለም። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት። እግሯን አልቀነሰችም፤ ምርኩዙን ብቻ አጠነከረች።

ረምላ ወጣች። መኪናዋን በጎኗ አለፈቻት፤ አንገቷ ስለማይዞር አላየቻትም፣ ወይም አላየሁም ለማለት ይመቻታል። መንገዱን ያዘች። ግራ ትከሻዋ ከድሮው ይበልጥ ወርዷል። መኪናዋ በሯን ዘግታ በአስፋልቱ ዳር ቀስ ብላ ተከተለቻት። ኤልዳና ከኋላ ሰማንያ እርምጃዋን ጠብቃ መታች፤ ረምላ በዘገየች ቁጥር ዘገየች። የቦርከና ውሃ ትንሽ ነበር። መንገዱ ላይ ሌላ ድምፅ የለም።

ድልድዩ ጋ ረምላ ቆመች። ይህ የቀድሞዋ ዕረፍት አይደለም። ሁለት እጇ ብረቱን ጨብጧል። መኪናዋም ቆመች፤ በሯም ተከፈተ።

ኤልዳና ልትሮጥ ፈለገች። ቀበቶው ወገቧን ጨበጣት።

«ርቀትሽን ጠብቂ» አለ አይዞሽ። «ከፊትሽ ያለው ሰው እርዳታ እያገኘ ነው። አንቺ አግዳሚው ላይ አረፍ በይ።»

አላረፈችም። በቆመችበት ምርኩዙን አነሣችና ድንጋዩን መታችው። ቋ። ደግማ መታችው።

«ቆሞ መምታት እርምጃ አይደለም፣ ኤልዳና።»

ቋ። ቋ። ትከሻዋ ድረስ ነዘራት። ከዚያ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ከሰው አፍ ያልሰማችውን ቃል፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸችው።

«አይዞሽ!»

ድምፁ ድልድዩ ሥር ገብቶ ተመለሰ። ረምላ አልዞረችም፤ መዞር አትችልም። አንዱን እጇን ከብረቱ አላቀቀች። ቆይታ ሌላውን አላቀቀች። ከዚያ የቀኝ እግሯ ሄደ።

ዙሩን የጨረሰችው ለስድስት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ብሎክ ሠላሳ አንድ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ነጯ መኪና ጥቂት ቆይታ የታጠፈ ብርድ ልብሷን እንደያዘች ሄደች።

«መልካም ዜና» አለ አይዞሽ። «በዚህ መስመር ላይ የተሞከረው አዲሱ የማበረታቻ ዘዴ ውጤት አሳይቷል።»

ኤልዳና እስከ ቤቷ መቶ ሃያ እርምጃ ቀርቷታል፤ ከፊቷ ማንም የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው መስኮት ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ከላይ ትስማ አትስማ አታውቅም። እስከ ደጃፏ ድረስ ግን ሳታቋርጥ እየመታች ሄደች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ቀበቶው ሞቀ።

«እንዴት አደርሽ፣ ኤልዳና? ዛሬ ስንት ነው?»

ዓይኗን ሳትገልጥ ወገቧን አዳመጠችው። ዘጠኝ ነበር።

«ስድስት» አለች።